የልውውጥ ሴሚስተር ለምግብ ሳይንስ ተማሪዎች፦ ስምምነት ከማፈላለግ እስከ ውጤት ማስመዝገብ

የልውውጥ ትምህርት በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ተማሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ያገኘውን ውጤት ይዞ ወደ ጀመረው ዲግሪ የሚመለስበት አሠራር ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ውጭ የተወሰደው ኮርስ ሁሉ በመጨረሻ የሚመዘነው በአገር ቤት ሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚህ ላይ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ከሌላው የባሰ ችግር ይገጥመዋል። ትምህርቱ በኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ በምህንድስናና በሥነ ምግብ መካከል ያለ በመሆኑ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየራሱ ቤት አስቀምጦታል። በሐረማያ ከድኅረ ምርት ቴክኖሎጂ ጋር ይሰጣል፤ በሐዋሳ ከሥነ ምግብ ጋር ተጣምሯል፤ በባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከኬሚካል ምህንድስና ጋር ጎረቤት ነው። በአውሮፓም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአንዱ ኮርስ ስም ከሌላው ጋር ቢመሳሰል እንኳ ይዘቱ ላይመሳሰል ይችላል።

ብዙ ተማሪ ጭንቀቱን ሁሉ ቪዛ ላይ ያውለዋል። ቪዛው ቢዘገይም ይመጣል፤ አንድ ሴሚስተር የሚባክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው በፊት በችኮላ በተሞላ የኮርስ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ምክንያት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በብዛት የሚያመለክቱበትን የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም፣ ኢራስመስ ፕላስን፣ መነሻ አድርገዋል። ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ በረራው ቀን ቢያንስ 10 ወር፣ ቢቻል 14 ወር መያዝ ይበጃል።

ደረጃ 1፦ መንገዱን መለየት

«ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ሁሉን ስለሚጠቀልል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ።

የመጀመሪያው የሴሚስተር ልውውጥ ነው። ከ2 እስከ 12 ወር ይቆያል። ተማሪው ለአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ በአሁኑ የ2021–2027 ዙር ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ እንደ አገሩ የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል። ሁለተኛው የተግባር ልምምድ ነው፤ ተማሪው ክፍል ሳይገባ በቤተ ሙከራ ወይም በፋብሪካ ይሠራል። ለማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የቤተ ሙከራ ክፍል በዚህ መንገድ መሥራት ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ የሚነጻጸር ኮርስ ስለሌለው የሬጅስትራር ጣጣው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የጋራ ማስተርስ ነው። ይህ ልውውጥ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው። በፓሪስ፣ በደብሊን፣ በኔፕልስና በሉንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የሚሰጠው የምግብ ፈጠራና የምርት ንድፍ ማስተርስ የዚህ ዓይነት ነው። አመልካቹ በቀጥታ ለፕሮግራሙ ይጽፋል፤ ድጎማው በወር 1,400 ዩሮ ሆኖ እስከ 24 ወር ይቆያል። የሉቨንና የጌንት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የምግብ ቴክኖሎጂ ማስተርስም እንዲሁ ሙሉ ዲግሪ ነው።

ልዩነቱ ከወዲሁ ካልታወቀ የማይመለከት ቢሮ ደጅ እየተጠና ወራት ያልፋሉ። የጋራ ማስተርስ የሚፈልግ ተመራቂ የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት የሚሰጠውን ዕጩነት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የሴሚስተር ልውውጥ የሚፈልገው ግን ያለ እሱ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከዚህ በኋላ ያለው በዋናነት የሴሚስተር ልውውጥን ይመለከታል።

ደረጃ 2፦ ስምምነቱን በዓይን ማየት

የሴሚስተር ልውውጥ የሚቻለው በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተፈረመ ስምምነት ካለ ብቻ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋራ መግባቢያ ሰነድ ፎቶግራፍ በቂ አይደለም። መግባቢያ ሰነድ የወዳጅነት ወረቀት ነው፤ ለልውውጥ የሚያስፈልገው ቦታ፣ ደረጃና ዘርፍ የሚዘረዝር የተቋማት ስምምነት ነው። «አለን» የሚል መልስ ከመስማት ፋይሉ ወጥቶ እንዲታይ በትሕትና መጠየቅ ይሻላል።

በፋይሉ ላይ አራት ነገር ይታያል። ስምምነቱ የሚያበቃበት ዓመት፤ ለባችለር፣ ለማስተርስ ወይስ ለዶክትሬት እንደሆነ፤ በዓመት ስንት ተማሪ እንደሚቀበል፤ በመጨረሻም የትምህርት ዘርፉ። ዘርፉ በዓለም አቀፍ የትምህርት ምደባ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል፤ የምግብ ማቀነባበር ቁጥር 0721 ነው። በግብርና ቁጥር የተፈረመ ስምምነት የምግብ ሳይንስ ተማሪን ሊያካትትም ላያካትትም ስለሚችል በአስተናጋጁ በኩል በጽሑፍ ይረጋገጥ። በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» ማመልከቻው ሲጣራ አይቆጠርም።

ስምምነት ከሌለስ? ተማሪው ብቻውን ሊፈጥረው አይችልም፤ ሊያስጀምረው ግን ይችላል። የኢራስመስ ፕላስ ገንዘብ የሚጠየቀው በአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። ያ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ለአገሩ ኤጀንሲ ያመለክታል፤ የሚፈቀደውም የ24 ወይም የ36 ወር ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት በመስከረም ወይም በጥቅምት ሲሆን፣ አቅራቢው መምህር ቢሆን ይመረጣል። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ዶክትሬቱን እዚያ የሠራ መምህር ካለ የእሱ አንድ ኢሜይል ከአሥር የተማሪ ኢሜይል ይበልጣል። ይህ መንገድ ቢሳካ እንኳ የሚጠቅመው ታናናሾችን መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ሴሚስተሩን መምረጥ

የሁለቱ አገሮች የትምህርት ዘመን አይገጥምም። በኢትዮጵያ አንደኛው ሴሚስተር የሚያልቀው በጥርና በየካቲት ነው። በጀርመን የክረምት ሴሚስተር ትምህርት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ይዘልቃል፤ ቀጣዩ የሚጀምረው በሚያዝያ ነው። በኔዘርላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዓመቱን በስድስት አጫጭር ክፍለ ጊዜ ስለሚከፍል «ሴሚስተር» የሚባለው ነገር ራሱ እዚያ ሌላ ቅርጽ አለው። መነሻና መመለሻው በወር ቢዛነፍ የአገር ቤቱ የምዝገባ ሳምንት ያመልጣል።

ሦስት ሴሚስተሮች ለልውውጥ አይመረጡም። የኢንተርንሺፕ ሴሚስተር አንዱ ነው፤ የፋብሪካ ልምምዱን የሚተካ ኮርስ ውጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የሚጀመርበት ሴሚስተር አለ፤ የቡድን ሥራ ከሆነ ጓደኞችም አብረው ይጎዳሉ። ከሁሉም አደገኛው ግን ከመውጫ ፈተናው ቀደም ብሎ ያለው የመጨረሻ ሴሚስተር ነው። ውጤቱ ከውጭ ሳይመጣ የፈተናው ምዝገባ ከተዘጋ ተማሪው ያለ ጥፋቱ ምረቃው ይራዘምበታል። ለአራት ዓመት ፕሮግራም ሦስተኛ ዓመት፣ ለአምስት ዓመት የምህንድስና ፕሮግራም ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛው ወይም አራተኛ ዓመት አንደኛው ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ ይስማማል።

ደረጃ 4፦ የኮርስ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይያዝለት። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ቀላል ናቸው፦ የአገር ቤቱ ሥርዓተ ትምህርት ሙሉ ሰነድ፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር፣ የአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የዚያ ዓመት የኮርስ ካታሎግ፣ አንድ የኤክሴል ገጽ። ያለፈው ዓመት ካታሎግ አያገለግልም፤ ኮርሶች ከዓመት ዓመት ይታጠፋሉ፣ የሚሰጡበት ቋንቋም ይቀየራል።

መጀመሪያ ክሬዲቱ ወደ አንድ መለኪያ ይምጣ። በአውሮፓው አቆጣጠር የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 60፣ በሴሚስተር 30 ክሬዲት ይወስዳል፤ አንዱ ክሬዲት ክፍሉን፣ ቤተ ሙከራውንና የግል ጥናቱን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ በተለምዶ 5 የአውሮፓ ክሬዲት ተብሎ ይያዛል። የትምህርት ክፍሉ ሰነድ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ከያዘ የሚጻፈው እዚያ ያለው ነው፤ በራስ ስሌት መሙላት ኋላ ክርክር ያመጣል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ረድፍ በይዘት ይሞላ። የምግብ ማይክሮባዮሎጂን ለምሳሌ ብንወስድ በአገር ቤት ኮርሱ 4 ክሬዲት አወር ሆኖ፣ 3ቱ ክፍል 1ዱ ቤተ ሙከራ ሊሆን ይችላል። በአስተናጋጁ ካታሎግ ተመሳሳይ ስም ያለው ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ይገኛል። ገጹ ተከፍቶ ሲነበብ ግን ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው፤ የቤተ ሙከራው ክፍል በሌላ ቁጥር፣ በሌላ ስም፣ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሆኖ ለብቻው ተቀምጧል። ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ወስዶ የተመለሰ ተማሪ «ላቡ የታለ?» ተብሎ ሙሉ ኮርሱን እንደገና እንዲወስድ ቢጠየቅ የትምህርት ክፍሉ አልተሳሳተም። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱ የውጭ ኮርሶች ለአንዱ የአገር ቤት ኮርስ ተጣምረው መጻፍ ነበረባቸው። ከረድፉ ጎን በቤተ ሙከራው ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር ቢጠቀስ ገምጋሚውን ይረዳል፤ ጠቅላላ የባክቴሪያ ቆጠራ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ72 ሰዓት፣ የሳልሞኔላ ፍለጋ፣ የሻጋታና የእርሾ ቆጠራ እየተባለ። እነዚህ ዓለም አቀፍ ዘዴዎች ስለሆኑ አገር ቤት ያለው መምህር በአንድ እይታ ያውቃቸዋል።

ስም የሚያታልልባቸው ሌሎችም አሉ። «ፉድ ቴክኖሎጂ» የተባለው ኮርስ በአንዱ ቦታ የወተት ተዋጽኦ ብቻ፣ በሌላው የሥጋ ማቀነባበር ብቻ ሆኖ ይገኛል። «ፉድ ኢንጂነሪንግ» ደግሞ የሙቀትና የፈሳሽ እንቅስቃሴን አስቀድሞ ያልወሰደን ተማሪ አያስገባም፤ ቅድመ ሁኔታው በካታሎጉ ግርጌ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የምግብ ሕግ ኮርስ ከቶ ባይነጻጸር ይሻላል። የአውሮፓው ኮርስ የሚያስተምረው የአውሮፓ ኅብረትን የምግብ ሕግ 178/2002 ነው፤ በአገር ቤት የሚጠበቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የስጋት ትንተናና ምርትን እስከ ምንጩ መከታተል የሚሉት መርሆች ቢገናኙም የሚጠየቀው አንቀጽ፣ ተቆጣጣሪው አካልና ፈቃድ አሰጣጡ ሌላ ነው።

በደንብ የሚጣጣሙት የምግብ ኬሚስትሪ፣ የምግብ ትንተና፣ የማሸጊያ ቴክኖሎጂ፣ የምግብ ደኅንነት ሥርዓትና በተለምዶ ሴንሰሪ የሚባለው የቅምሻ ምዘና ናቸው። እርጥበት በ105 ዲግሪ፣ አመድ በ550 ዲግሪ፣ ፕሮቲን በኬልዳል፣ ቅባት በሶክስሌት የሚለካው አዲስ አበባም ጌንትም ነው። ልዩነቱ መሣሪያው ላይ ነው፤ አገር ቤት ለአሥር ተማሪ አንድ የሆነው መሣሪያ እዚያ ለሁለት ተማሪ አንድ ሊሆን ይችላል። ከልውውጡ የሚገኘው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ሲመረጥ እጅ በእጅ የሚሠራበት ኮርስ ከንግግር ኮርስ ይቅደም።

ሠንጠረዡ ከአምስት ወይም ከስድስት ዋና ኮርሶች ሌላ ሁለት ተጠባባቂ ኮርሶች ይኑሩት። ከዚያ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይቅረብ፤ ፊርማና ማኅተም ይጠየቅበት። ኃላፊዎች ይቀያየራሉ። ተማሪው ሲመለስ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢያገኝ የሚያስረዳለት ወረቀቱ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ማዘጋጀት

የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ በብዛት የሚሰናከለው በስምና በቀን ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በመጨረሻ ያስቀምጣል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ትራንስክሪፕቱ አንዱን፣ ፓስፖርቱ ሌላውን ከያዘ አስተናጋጁ ሁለት ሰው ያያል። ገዢው ሰነድ ፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርት መጀመሪያ ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ አጻጻፍ ይስተካከል፤ ማስተካከል ያልተቻለው ላይ ከሬጅስትራር «አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ይያያዝ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ የመግቢያ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ምልክት ካልተደረገበት አንባቢው ተማሪው የዛሬ አሥር ዓመት የገባ ይመስለዋል።

የቋንቋ ማስረጃ እንደ አስተናጋጁ ይለያያል። ብዙዎቹ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ለሴሚስተር ልውውጥ ይቀበላሉ፤ ለሙሉ ማስተርስ ግን አይኤልትስ ወይም ቶፍል ይጠየቃል። ገንዘብ ከፍሎ ከመፈተን በፊት መጠየቅ ወጪ ያድናል።

የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለምግብ ፍቅር አለኝ» የሚል መክፈቻ አይሠራም፤ የሚያነቡት ሰዎች በቀን ሃያ እንዲህ ያለ ያያሉ። የሚሠራው አንድ የተጨበጠ ችግርና ያንን የሚያጠና ቤተ ሙከራ ነው። የበርበሬ አፍላቶክሲን ጥሩ ምሳሌ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የተፈቀደው የአፍላቶክሲን ቢ1 ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው። መሬት ላይ የሚሰጣ በርበሬ ከዚህ ለምን እንደሚያልፍ፣ በአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ኮርስ መለኪያውን እንደሚያስተምር በሁለት አንቀጽ ከተጻፈ ደብዳቤው አለቀ። እንጀራ በሦስት በአራት ቀን መሻገቱ፣ የቆጮ መብላላት፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሁሉም እንዲህ ሊጻፉ ይችላሉ። መምህሩ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤም ስለዚሁ ችግር ቢያነሳ ይጠናከራል፤ ስለዚህ መምህሩ የፍላጎት ደብዳቤውን አንብቦ ቢጽፍ ይመረጣል።

ማመልከቻውን አስቀድሞ የሚያጣራው የተማሪው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዕጩ አድርጎ ለአስተናጋጁ የሚልከውም እሱ ነው። ለመስከረም መነሻ ዕጩነቱ ብዙውን ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ለየካቲት መነሻ በጥቅምትና በኅዳር ይላካል።

ደረጃ 6፦ የመማር ስምምነት መፈረም

ተማሪው ከተመረጠ በኋላ ሠንጠረዡ የመማር ስምምነት በሚባለው ቅጽ ላይ ይገለበጣል። ሦስት ፊርማ አለው፦ የተማሪው፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲና የተቀባዩ። አንዱ ከጎደለ ሰነድ አይባልም። ደረጃ 4 በወጉ ከተሠራ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በዚሁ ጊዜ የማይታለፍ የአገር ቤት ጉዳይ አለ። ተማሪው በሬጅስትራር «በልውውጥ ላይ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ቅጽ አጥቶ ወይም ከሰልፍ ለመዳን ዊዝድሮው ሞልቶ የሄደ ተማሪ በሕግ ፊት ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው፤ ሲመለስ ዳግም ቅበላ ይጠየቃል፣ ስሙም ከዕጩ ተመራቂዎች ዝርዝር ይወጣል። የዶርምና የካፌ ተጠቃሚነትም በጽሑፍ ይዘጋ፤ በሌለበት የተበላ እንዳይቆጠርበት።

ደረጃ 7፦ ቪዛና ገንዘብ

ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ የሸንገን አጭር ቪዛ አይበቃም፤ የአገሩ የረጅም ቆይታ ቪዛ ያስፈልጋል። ጊዜውም ረጅም ነው፤ የቅበላ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ቀጠሮ ይያዝ። የትምህርት ማስረጃዎች በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንደ አገሩም በኤምባሲው የሚረጋገጡበት ቅደም ተከተል አለ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወደ መጀመሪያው መስኮት መመለስ ነው።

ራሱን ችሎ ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ በዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የድጎማ ተማሪ ግን ወርኃዊውን መጠን የሚገልጽ የድጎማ ደብዳቤ ያቀርባል። ደብዳቤው ላይ መጠኑ፣ መነሻና መጨረሻ ቀኑ በግልጽ ካልተጻፈ ኤምባሲው ሌላ ይጠይቃል፤ ይህንን አስቀድሞ ማሳረም የወር ጭንቀት ያስቀራል።

የጉዞ ድጋፉ የሚሰላው በቲኬቱ ዋጋ ሳይሆን በከተሞቹ ርቀት እርከን ነው። አብዛኞቹ የምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ከአዲስ አበባ ከ4,000 እስከ 7,999 ኪሎ ሜትር ባለው እርከን ይወድቃሉ። ቲኬቱ ከዚያ ቢበልጥ ልዩነቱ ከኪስ ነው። ድጎማው በየምዕራፉ የሚከፈል ሲሆን የመጀመሪያው ክፍያ አንዳንዴ የሚገባው ተማሪው ደርሶ የባንክ ሒሳብ ከከፈተ በኋላ ነው። የቪዛ ክፍያ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የቤት መያዣና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለብ ከቤተሰብ መበደር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቤተሰብ «ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው ብለኸን» እንዳይል ይህ ከወዲሁ ይነገር። ቤት ሳይታይ ለማይታወቅ አከራይ ገንዘብ አይላክ። የተማሪ መኖሪያ ማመልከቻ የቅበላ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ይሞላ።

ደረጃ 8፦ በሻንጣ የሚያዝና የማይያዝ

የምግብ ሳይንስ ተማሪ ከሌላው ተማሪ በተለየ ሁለት ዓይነት ምግብ ይዞ ይሄዳል፦ የሚበላና የሚመረመር።

ለመብል፦ ሥጋና ወተት ያለበት ነገር ሁሉ ወደ አውሮፓ ኅብረት በግል ሻንጣ አይገባም። ይህም ማለት ቋንጣ፣ አይብና እናት በፍቅር ያነጠረችው ቅቤ ቦሌ አልፈው ቢሄዱ እንኳ እዚያ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬም ከጥቂቶቹ በስተቀር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ ያለ ወረቀት የሚያልፉት አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ተምር ናቸው። ሽሮና በርበሬ በፋብሪካ ታሽገው፣ ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ ሆኖ ቢያዙ ጥያቄው ይቀንሳል።

ለምርምር የሚያዘው ግን ሌላ ሕግ አለው፤ ጀማሪ ተመራማሪዎች ሳያውቁ የሚያጠፉትም እዚህ ነው። የእንጀራ እርሾ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ በሻንጣ መክተት ቀላል ይመስላል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን በኢትዮጵያ ሕግ የጄኔቲክ ሀብት ናቸው፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ይከለክላል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን ለጤፍ፣ ለእንሰትና ለሌሎች ዝርያዎችም ያገለግላል። የጤፍ ዱቄት አቀነባበር ላይ በኔዘርላንድ ተይዞ የነበረው የባለቤትነት መብት ሔግ ፍርድ ቤት ደርሶ የተሻረ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጥንቃቄ ቢሮክራሲ ብቻ አይመስለውም። በአስተናጋጁ በኩልም ተቆጣጣሪው መምህር ናሙናውን የሚቀበልበት የጽሑፍ ፈቃድ ማዘጋጀት አለበት። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተሟሉ የምርምሩ ርዕስ እዚያው በሚገኝ ጥሬ ዕቃ ላይ ይሁን።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት

በካታሎግ ያማረ ኮርስ ሰዓቱ ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ ወይም ተመዝጋቢ በማነሱ ይሰረዛል። የመማር ስምምነቱን መለወጥ የሚቻለው ትምህርቱ በተጀመረ በአምስት ሳምንት ውስጥ ነው። ለውጡ እንደ መጀመሪያው ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ከአገር ቤት ፊርማ ለማግኘት ኢሜይል አይበቃም፤ ስልክ መደወል፣ ካልሆነም አንድ የክፍል ጓደኛ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ተጠባባቂ ኮርሶቹ አስቀድመው ስለተፈረሙ ከመካከላቸው መምረጥ መንገዱን ያሳጥራል።

ቤተ ሙከራ ለመግባት የደኅንነት ሥልጠና ግዴታ ነው። ቀኑ ያመለጠው ተማሪ አንዳንዴ ሴሚስተሩን ሙሉ ላብ አይገባም። የቅምሻ ምዘና ኮርስ የሚወስድ ተማሪ የማይበላውን በመጀመሪያው ቀን ያሳውቅ። የየካቲቱ ሴሚስተር ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የወተት ተዋጽኦ ቅምሻ ደግሞ የተለመደ ነው። የሙስሊም ተማሪም አሳማ፣ ጄላቲንና ወይን ያለበት ክፍለ ጊዜ ይገጥመዋል። አስተማሪዎች ይህንን ከአለርጂ ጋር ስለሚመድቡት አስቀድሞ ከተነገራቸው ቅያሪ ይሰጣሉ፤ ኩባያው ከቀረበ በኋላ ሲነገራቸው ግን የሙከራው ንድፍ ይበላሽባቸዋል።

በየሳምንቱ የቤተ ሙከራ ሪፖርቶች፣ የኮርስ ዝርዝሮችና ፈተናዎች ቅጂ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ። ለመጨረሻው ደረጃ መድኅን ይህ ፎልደር ነው።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ማስመዝገብ

አስተናጋጁ ውጤቱ ከወጣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ትራንስክሪፕት መላክ አለበት። ከመመለስ በፊት ግን ለላኪው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ትክክለኛው አድራሻ በጽሑፍ ይሰጠው፤ በተማሪው እጅ የመጣ ወረቀት አንዳንድ ቢሮ አይቀበልም።

ፈተናው የሚመጣው ውጤት ሲለወጥ ነው። በቤልጅየምና በፈረንሳይ ውጤቱ ከ20 ይያዛል፤ ማለፊያው 10 ነው፣ 14 እና 15 ያገኘ ተማሪ ጎበዝ ይባላል። በኔዘርላንድ ከ10 ሲሆን 8 ከፍተኛ ነው። በጣሊያን ከ30፣ ማለፊያው 18። በጀርመን ጭራሽ ተገልብጦ 1.0 የላቀ፣ 4.0 ማለፊያ፣ 5.0 መውደቂያ ነው። የሬጅስትራር ሠራተኛ ይህንን ካላወቀ 13 ከ20ን በመቶ አስልቶ 65 ያደርገዋል፤ ከክፍሉ መካከል በላይ የወጣ ተማሪ ዝቅ ያለ ፊደል ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የአስተናጋጁ የውጤት ስርጭት ሠንጠረዥ ይጠየቅ። ሠንጠረዡ ከመቶ ተማሪ ስንቱ 13ና ከዚያ በላይ እንዳገኘ ያሳያል፤ የትምህርት ክፍሉ ያንን ከራሱ የውጤት ስርጭት ጋር አስተያይቶ ፊደሉን ይወስናል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ክርክሩን ለማስቀረት ኮርሱን «አልፏል» ብሎ ብቻ መዝግቦ ከአማካይ ውጤት ስሌት ውጭ ያደርገዋል። የትኛው አሠራር እንደሚከተል ከጉዞው በፊት ታውቆ በማነጻጸሪያ ሠንጠረዡ ግርጌ ቢጻፍ ይመረጣል።

የተለወጠው ውጤት በተማሪው ገጽ ላይ መግባቱ በዓይን ይታይ፤ የኮርስ ቁጥሩ የአገር ቤቱ መሆኑ፣ ክሬዲት አወሩ አለመጉደሉ አንድ በአንድ ይቆጠር። ስሕተት ካለ በዚያው ሴሚስተር ይታረም። የመውጫ ፈተና ምዝገባ ሲከፈት ሲስተሙ የሚያየው ይህንኑ ገጽ ነው።